ኮምቦልቻ ተሠርቶ ደሴ ላይ እምቢ ያለው ፕሮግራም፦ የጉዳይ ጥናት

እህቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አላት። አራት ዴስክቶፕ፣ አንድ ስካነርና አንድ ፎቶኮፒ ማሽን ናቸው የቤቱ ንብረት። የሦስቱ ዴስክቶፖች ፕሮሰሰር ኮር 2 ዱዎ ነው። አሮጌዎች ናቸው፣ ግን ለጽሕፈት ሥራ አሁንም ደህና ያገለግላሉ። አራተኛው ዘንድሮ የተገዛ ስለሆነ ሁሉም እሱ ላይ መቀመጥ ይፈልጋል።

አንድ ቀን የአንድ እድር ሊቀ መንበር የሆኑ ሐጂ የመተዳደሪያ ደንባቸውን ይዘው መጡ። ደንቡ ድሮ ማተሚያ ቤት የታተመ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ሶፍት ኮፒው የለም። ጥቂት አንቀጾች ተሻሽለው እንደገና መታተም አለበት። እህቴ ሁሉንም ከመጀመሪያ መጻፍ ሊሆን ነው ብላ ስትጨነቅ ሐጂ «አብሽሪ፣ አላህ ያግዝሻል፤ ረመዷን ሳይገባ ይድረስልኝ እንጂ» አሏት።

ልጇ ኮምቦልቻ ነው የሚማረው። ስልክ ደውላ ስትነግረው «እማ፣ ለምን ትጽፊያለሽ? ስካን አድርገሽ ጽሑፉን የሚያነብ ፕሮግራም አለ» አላት። ቴሰራክት ማለቱ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ፦ ቴሰራክት ከፎቶ ላይ ፊደል ለቅሞ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም ነው። ከ1985 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ ተሠራ፤ በ2005 ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሰው የጻፈው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ከ2006 ወዲህ ደግሞ ጎግል ለዓመታት ደግፎታል። አማርኛን የሚያነብበት የራሱ የሥልጠና ፋይል አለው። የእህቴ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በኡቡንቱ 22.04 ነው፤ ኡቡንቱ አንድ የሊኑክስ ዓይነት ነው። እሱ ጋር የሚመጣው ቴሰራክት ግን 4.1.1 ነው። ልጁ በ2021 የወጣውን 5ኛውን ትውልድ ፈለገ። ስለዚህ ሶርሱን አውርዶ ላፕቶፑ ላይ ኮምፓይል አደረገው፣ ማለትም ማሽን ወደሚያሄደው ፕሮግራም ቀየረው፤ በፍላሽ ገልብጦም ቅዳሜ ደሴ መጣ።

እኔ የተጠራሁት ከሰዓት በኋላ ነው። እስክደርስ ልጁ አራት ግድግዳ ጋር ተጋጭቷል። ሦስቱን እንደምንም ዘሎ አራተኛው ላይ ቆሟል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እነዚያ አራቱ የተለያዩ ችግሮች ስላልነበሩ ነው። አንድ ችግር አራት ፊት ይዞ ነው የመጣው።

መጀመሪያ አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ፕሮግራሙን ሲያስነሳው የራሱን የቴሰራክትን ላይብረሪ (ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚጠራውን የኮድ ስብስብ) ማግኘት አልቻለም። ልጁ የላይብረሪ መፈለጊያውን መንገድ በእጁ ጠቆመው። ቀጥሎ ሊብ-አርካይቭ የሚባል ሌላ ላይብረሪ የለም አለ። ጫነለት። ከዚያ የአማርኛውን የሥልጠና ፋይል አላገኘሁም አለ። ለዚህም መንገዱን ጠቆመው። በመጨረሻ የደንቡን የመጀመሪያ ገጽ አስገባ። ስክሪኑ ላይ የወጣው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን»፣ ሕገወጥ ትዕዛዝ። ፕሮግራሙ እዚያው ሞተ።

ሦስቱም አሮጌዎች ላይ ያው ነው። አዲሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። አልሞተም፣ ግን ከስካነሩ የመጣውን የጄፔግ ፎቶ ማንበብ አልቻለም። «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ላይ እኮ ሰላም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ላፕቶፑ ላይ የሞከረው በስክሪንሾት ነው፤ ስክሪንሾት ደግሞ ፒኤንጂ ነው።

ላፕቶፑን እንዲከፍት ነገርኩት። ከምንም በፊት ያየሁት ፕሮግራሙን አልነበረም፣ ኮምፓይል ሲደረግ የተጻፈውን ሎግ ነው። ይህን ልማድ ያዙልኝ። ከኮምፓይሉ በፊት ማሽኑን የሚመረምረው ኮንፊገር የሚባለው ስክሪፕት ሲሮጥ ኮንፊግ-ሎግ የሚባል ፋይል ይተዋል። አናቱ ላይ የተሰጠው ትዕዛዝ ቃል በቃል ተጽፏል። ሰው ምን እንዳዘዘ ይረሳል፣ ሎጉ አይረሳም። የልጁ ትዕዛዝ ሁለት ነገር ብቻ ይዟል። ፕሪፊክሱ ማለትም የመጫኛው ቦታ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው የራሱ የሆም ፎልደር ነው። ለኮምፓይለሩ የሚሰጡት አማራጮች የሚጻፉባቸው ሲፍላግስና ሲኤክስኤክስፍላግስ ደግሞ ሁለቱም «ማርች ኔቲቭ» ናቸው። ሌላው ሁሉ ዝም ተብሏል።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ኮንፊገር ላይ ዝም ያልከውን ነገር ኮምፓይል የሚደረግበት ማሽን ራሱ ይወስንልሃል። የሚወስነውም እሱ ላይ ያለውንና የሌለውን አይቶ ነው። ፕሮግራሙ የሚኖርበት ማሽን ላይ ምን እንዳለ በምን ያውቃል?

ከከባዱ ልጀምር። «ማርች ኔቲቭ» ማለት ለኮምፓይለሩ ለጂሲሲ «አሁን የምትሮጥበትን ፕሮሰሰር እየው፣ እሱ የሚችለውን ትዕዛዝ ሁሉ ተጠቀም» ማለት ነው። የልጁ ላፕቶፕ ኤቪኤክስ-2 የሚባሉ ትዕዛዞች አሉት። ኤቪኤክስ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የመጣው በ2011 ነው፤ ኤቪኤክስ-2 ደግሞ በ2013። ኮር 2 ዱዎ የ2006 ትውልድ ነው። እነዚህን ትዕዛዞች ጭራሽ አያውቃቸውም። የማያውቀው ትዕዛዝ ሲመጣበት ፕሮሰሰሩ አልገባኝም ይላል፣ ሊኑክስም ፕሮግራሙን ይገድለዋል። «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ማለት ይኸው ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ፍላሹም ጤነኛ ነው።

ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አስቀምጠን የፕሮሰሰር መረጃቸውን ከፈትን። ፕሮክ ፎልደር ውስጥ ሲፒዩ-ኢንፎ የሚባል ፋይል አለ፤ ፕሮሰሰሩ የሚችለውን የሚዘረዝር ፍላግስ የሚል መስመር አለው። ላፕቶፑ ላይ መስመሩ ረጅም ነው፣ ኤቪኤክስም ኤቪኤክስ-2ም አሉበት። ዴስክቶፑ ላይ በጣም አጭር ነው። ልጁ በጣቱ እየተከተለ አነበበና ዝም አለ። አያቱ ወረባቦ ገበሬ ናቸው። «የደጋ ገብስ ወስደህ ቆላ ብትዘራው ምን ይሆናል?» አልኩት። ሌላ ማብራሪያ አልፈለገም።

ልጁ ኔቲቭን የመረጠው ፍጥነት ፈልጎ ነው። ብዙ ሰው እንዲሁ ያደርጋል። ግን ሁለት ነገር አላወቀም ነበር።

አንደኛው፣ ቴሰራክት ራሱ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን ይመረምራል። ኤቪኤክስ-2 ካለ በእሱ፣ ከሌለ ከእሱ በሚያረጀው በኤስኤስኢ፣ እሱም ከሌለ በተራው መንገድ ከባዱን ስሌት ይሠራል። ቨርዥኑን ስትጠይቁት «ኤቪኤክስ-2 ተገኝቷል» የሚል መስመር የሚያወጣው ለዚህ ነው። ለአሮጌውም ለአዲሱም የሚሆነው መንገድ አንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ኔቲቭ የጨመረለት ነገር ትንሽ ነው፤ የወሰደበት ግን አሮጌዎቹን ማሽኖች በሙሉ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳዝናል። ሲፍላግስን ዝም ካላችሁት ኮንፊገር በራሱ «ጂ» እና «ኦ-2» ይሰጣል። ጂ ስህተት ለመፈለግ የሚሆን መረጃ የሚጨምረው ነው። ኦ-2 ኮዱ በደንብ ተመቻችቶ እንዲሠራ የሚያደርገው ነው። እናንተ አንድ ነገር ከጻፋችሁ ግን የጻፋችሁት እላዩ ላይ አይጨመርም፣ ቦታውን ይወስዳል። ልጁ «ማርች ኔቲቭ» ብቻ ሲጽፍ ኦ-2 ወደቀ። ቴሰራክት ራሱ ውስጥ ሌላ ኦ-2 ስላለው ተረፈ። ሌፕቶኒካ ግን አልተረፈችም። ሌፕቶኒካ ፎቶውን የምታነበውና የምታጸዳው ላይብረሪ ናት፤ ቴሰራክት ያለ እሷ አይሠራም። የኮምፓይሉን መስመሮች አንድ በአንድ ስናይ የእሷ ላይ ኦ-2 የሚል ቃል የለም። ለፍጥነት የተባለው ነገር አንድ ትልቅ ክፍል አዘግይቷል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ቴሰራክት የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው፣ ሌፕቶኒካ ደግሞ በሲ። ሲፍላግስ የሲ ብቻ ነው፤ ሲኤክስኤክስፍላግስ የሲ ፕላስ ፕላስ። ሰዎች ሲፍላግስን ብቻ ጽፈው «አማራጩ አልሠራም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። ልጁ ሁለቱንም መጻፉ ያስመሰግነዋል።

የጄፔጉን ጉዳይ ቶሎ አገኘነው። ሌፕቶኒካ ኮንፊገር ስትደረግ ላፕቶፑ ላይ የጄፔግ ሄደር ፋይሎች፣ ማለትም ከጄፔጉ ላይብረሪ ጋር ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስፈልጉት፣ አልነበሩም። ሎጉ ላይ «የለም» ብሎ ጽፎ አልፏል። በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች መሃል አንዲት «የለም» ማን ያያታል? ኮንፊገር አልቆመም፣ ስህተትም አላለም። ጄፔግ የማታነብ ሌፕቶኒካ ሠርቶ ሰጠ። ሊብ-አርካይቭ የዚህ ግልባጭ ነው። ላፕቶፑ ላይ ለሌላ ሥራ የተጫነ ሊብ-አርካይቭ ነበር። ቴሰራክት አገኘውና አብሮ ተሳሰረ። ደሴ ላይ ሲደርስ የለም። በአንዱ የጎደለው ተረሳ፣ በሌላው የተረፈው ተጣበቀ።

ፕሪፊክሱም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ፕሪፊክስን ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ቦታው ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ይጻፋል። ቴሰራክት የሥልጠና ፋይሎቹን የት እንደሚፈልግ ከዚያ ነው የሚያውቀው። ላይብረሪውንም የሚፈልገው እዚያው ነው። የልጁ ሆም ፎልደር ደግሞ እህቴ ኮምፒዩተር ላይ የለም።

እሺ፣ ገባን። እናስተካክል አልን። እዚህ ጋ ከሰዓቱን በሙሉ የበላን ነገር መጣ። ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን የሚያስረዳ ሰው ብዙም አይገኝም።

ልጁ ቴሰራክትን ያለ ኔቲቭ እንደገና ኮንፊገር አደረገ። ሜክ አለ፤ ኮምፓይሉን የሚያስኬደው ሜክ ነው። በጥቂት ሰከንድ አለቀ። እኔ ቡና እየጠጣሁ ነበር፣ ልብ አላልኩም። ገልብጠን ዴስክቶፑ ላይ አስነሳነው። ኢሊጋል ኢንስትራክሽን። የሌፕቶኒካ ይሆናል ብለን እሷንም ደገምናት። እሷም በሰከንዶች አለቀች። ያው ነው። ልጁ ፕሮሰሰሩን መጠራጠር ጀመረ። እህቴ ማሽኑን።

ኋላ ላይ ነው የሰዓቱ ነገር የከነከነኝ። መጀመሪያ ያን ያህል ደቂቃ የፈጀ ሥራ አሁን እንዴት በሰከንድ አለቀ? ሜክ የሚያየው የፋይሎቹን ሰዓት ነው። ሶርስ ፋይሉ ከእሱ ከተሠራው ኦብጀክት ፋይል (ገና ካልተያያዘው የፕሮግራሙ ቁራጭ) በኋላ ከተቀየረ እንደገና ይሠራዋል፣ ካልተቀየረ ይተወዋል። እኛ የቀየርነው አማራጩን ነው። አንድም ሶርስ ፋይል አልነካንም። ስለዚህ ሜክ «ሁሉም ዝግጁ ነው» ብሎ በኔቲቭ የተሠሩትን አሮጌ ኦብጀክቶች መልሶ ሰጠን። አማራጭ ከተቀየረ አሮጌዎቹን ኦብጀክቶች የሚያጠፋው ሜክ ክሊን የግድ ነው። ከዚህም የሚሻለው፣ ለእያንዳንዱ የአማራጭ ስብስብ ባዶ የቢልድ ፎልደር ከሶርሱ ውጪ ከፍቶ ኮንፊገርን ከዚያ መጥራት ነው። አሮጌው ከአዲሱ ጋር አይቀላቀልም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ መንገድ አልጠቀምም።

ባዶ ፎልደር ከፈትን። አሁን ምንም ነገር ዝም አንልም ተባባልን።

ሌፕቶኒካን፦ ፕሪፊክሱ ዩኤስአር ሎካል፣ ሁሉም ማሽን ላይ ያለ ቦታ። ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ ቲፍና ዚሊብ «ዊዝ» ተብለው በግልጽ ተጠየቁ። ጂፍ፣ ዌብፒና ኦፕን-ጄፔግ «ዊዝአውት» ተባሉ፣ ስለማንፈልጋቸው። ሲፍላግስ «ጂ፣ ኦ-2፣ ማርች ኤክስ86-64»። ይህ የመጨረሻው ማንኛውም ባለ 64 ቢት የኢንቴልም ሆነ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሚችለው መሠረት ነው። ጂሲሲ ኡቡንቱ ላይ ዝም ብትሉትም እሱኑ ነው የሚይዘው፤ እኛ ግን እንዲታይ ብለን ጻፍነው።

አንድ ጊዜ ሮጥ አለና ቆመ። «ጄፔግ ተጠይቋል፣ ላይብረሪው ግን አልተገኘም» የሚል መልእክት ነው። ልጁ ደነገጠ፣ እኔ ደስ አለኝ። «ዊዝ» ብሎ መጠየቅ ጥቅሙ ይኸው ነው። ዝም ስትለው ሲያጣ ያልፋል፤ ስትጠይቀው ሲያጣ ይነግርሃል። ሄደሮቹ ያሉበትን የጄፔጉን ዴቭ ፓኬጅ ጭነን ደገምነው። አለፈ።

ቴሰራክትን፦ ያው ፕሪፊክስ፣ ያው ፍላግ፣ በሲኤክስኤክስፍላግስ ግን። ሊብ-አርካይቭና ከርል የሚባለው ላይብረሪ «ዊዝአውት»። የግራፊክሱ መስኮት «ዲሴብል»፣ እሱ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ነው የሚጠቅመው። የማሠልጠኛ መሣሪያዎቹን አልነካናቸውም። እኛ እናነባለን እንጂ አናሠለጥንም።

ልጁ «ጋሼ፣ ቢያንስ ለኮር 2 ብለን አናመቻቸውም?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህ የሚሆነው «ማርች» ሳይሆን «ሚቱን» ነው። ሚቱን የትዕዛዞቹን ቅደም ተከተል ለተባለው ፕሮሰሰር ያመቻቻል እንጂ አዲስ ትዕዛዝ አያስገባም። ሌላ ማሽን ላይም ይሮጣል። ሁለቱን አለመለየት ነው ሰውን የሚያጠፋው። እኛ ለጊዜው ተውነው።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ራውተሩም ስካነሩም ዝም አሉ። የላፕቶፑ ባትሪ ደክሞ ስለነበር እሱም ተከተለ። መብራት ሲመጣ ሜክን መልሰን አስነሳነው፤ ካቆመበት ቀጠለ። በዚህ ሜክን እወደዋለሁ። አንድ ኦብጀክት ፋይል ግን ሲጻፍ መብራት ስለቀደመው ባዶ ሆኖ ቀርቶ ነበርና ማያያዣው ላይ ተወላከፈ። ያን አንድ ፋይል አጥፍተን ቀጠልን። ሜክ ላይ «ጄ» ስትጨምሩም ቁጥር ስጡት፣ ኮሮቻችሁን ያህል። ቁጥር ከሌለው ገደብ የለውም፣ ትንሽ ራም ያለውን ማሽን ያንቃል።

መገልበጡ ላይ ልጁ እንደገና ፕሪፊክሱን ወደ ሆም ፎልደሩ ሊቀይር ሲል ያዝኩት። ለዚህ የሚሆነው ዴስት-ዲር ነው። ሜክ ኢንስቶል ሲባል ዴስት-ዲር የሚሰጠው ጊዜያዊ ማረፊያ ነው። ፋይሎቹ እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፈው ቦታ ግን ያው ዩኤስአር ሎካል ሆኖ ይቀራል። የሰበሰብነውን በታር ጠቅልለን፣ በፍላሽ አዙረን፣ አራቱም ማሽኖች ላይ ፈታነው። ከዚያ ኤልዲ-ኮንፊግ፣ ሲስተሙ አዲሶቹን ላይብረሪዎች እንዲያውቅ።

ለመሞከር የጀመርነው ከሁሉ ከምታረጀዋ ነው። መጀመሪያ ኤልዲዲ፣ የጎደለ ላይብረሪ ካለ የሚያሳየው። የጎደለ የለም። ከዚያ ቨርዥን። የሌፕቶኒካን ስም፣ ከሥሩ ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ ቲፍ፣ ዚሊብ ብሎ ዘረዘረ። ኤቪኤክስ የሚል የለም፣ መኖርም የለበትም። ከዚያ የሐጂ ደንብ ገጽ አንድ። ትንሽ ቆየ። ሁላችንም ዝም አልን። «ምዕራፍ አንድ» ብሎ ጀመረ። «ዐ» ያለበት ቦታ አልፎ አልፎ «ፀ» አድርጎታል፣ ጥቂት ነጠላ ሰረዞችም ጠፍተዋል። የእህቴ ጸሐፊ እያነበበች አስተካከለችው።

ይህን ሁሉ በኡቡንቱ የሶርስ ፓኬጅ በኩል ማድረግም ይቻል ነበር። አሁን ብጀምረው ከአራት በላይ ማሽን ካለ በዚያ ነው የምሄደው፣ ምክንያቱም ውጤቱ ደብ ፓኬጅ፣ ማለትም የኡቡንቱ የመጫኛ ፋይል ነው፤ መጫኑም ማውጣቱም ንጹህ ነው። እዚያም ግን ያው ወጥመድ አለ። ዴብ-ሲፍላግስ-ሴት የሚባለው የኡቡንቱን ነባር ፍላጎች ሁሉ አውጥቶ የእናንተን ያስገባል፤ ከደኅንነት ጋር የተያያዙትንም ጭምር። ዴብ-ሲፍላግስ-አፔንድ ግን ነባሮቹን ሳይነካ ከኋላ ይጨምራል። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የምትፈልጉት አፔንድን ነው። ስንት ሥራ በአንዴ ይሂድ የሚለው ደግሞ ሲፍላግስ ውስጥ አይጻፍም፣ ዴብ-ቢልድ-ኦፕሽንስ ውስጥ «ፓራለል» ተብሎ ነው።

ማታ ልጁ ወደ ኮምቦልቻ ከመውረዱ በፊት ሁለቱን የኮንፊገር ትዕዛዞች በአንድ ትንሽ ስክሪፕት ፋይል ላይ ጻፈ። ከየአማራጩ አጠገብ ለምን እንደተመረጠ አንዳንድ መስመር አማርኛ አለ። «ጄፔግ፦ ስካነሩ የሚያወጣው እሱን ነው»። «ሊብ-አርካይቭ የለም፦ እማ ኮምፒዩተሮች ላይ አልተጫነም»። «ማርች፦ ኮር 2 ዱዎ አለ»። ፋይሉ ከታሩ ጋር አብሮ ፍላሹ ላይ ነው፣ ፍላሹም እህቴ መሳቢያ ውስጥ። ሐጂ ደንባቸውን ከረመዷን በፊት ወሰዱ።